ብርቄ በጥሩ ሁኔታ ላይ ትገኛለች

በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ውስጥ አንድ የመስታወት ቁም ሳጥን አለ። ከውስጡ የተሰበረ ሚዛን፣ ሁለት የእግር ኳስ ዋንጫ፣ ማንም ሲነፋት ያልታየች ጥሩንባ እና ብርቄ ተቀምጠዋል። ብርቄ ሮቦት ናት። ከጫማ ካርቶን ብዙም አትበልጥም፤ አራት ጎማ፣ ከቺፑድ የተቆረጠ ወለል፣ በናስትሮ የተጠፈነገ ባትሪ፣ ከፊቷ ደግሞ መሬት ላይ የተሠመረ ጥቁር መስመር የምታይባቸው ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አሏት። ጀርባዋ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎባታል፤ «ቋሚ ንብረት ቁ. 0417» ይላል። እንድትንቀሳቀስ ተብላ የተሠራች ሮቦት ቁልፍ ከተቆለፈባት እነሆ አራት ወር ሞላት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ናዝራዊት በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር በመስኮቱ አሻግራ ታያትና ጥርሷን ትነክሳለች። የምትናደድበት ሌላ ሰው ብታገኝ በስንት ጣዕሙ። ችግሩ ብርቄን እዚያ ያስቆለፈቻት ራሷ ናዝራዊት መሆኗ ነው።

ካርቶኑም ቢሆን መጀመሪያ የእሷ ነበር። አሥረኛ ክፍልን በጨረሰችበት ክረምት ከዘነበወርቅ መሀል ከተማ ድረስ በዝናብ እየተመላለሰች የሮቦት ሥልጠና ወሰደች፤ ሲያልቅ ሦስተኛ ወጣችና አንድ ካርቶን ሙሉ ዕቃ ተሸለመች። ስድስት ሞተር፣ አንድ ቦርድ፣ ጎማ፣ ሽቦ፣ የብሎን መዓት። እናቷ ዘመነች ካርቶኑን አልጋ ሥር ሸጉጣ «ጌታ ለአንቺ የሰጠው ነው፤ አጥብቀሽ ያዢው» ብላት ነበር። ናዝራዊት ግን ብቻዋን ሮቦት መሥራት አላማራትም። ሥልጠናው ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡት ልጆች አምስት ስድስት ሆነው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ሲንጫጩ አይታ ቅናት አንገብግቧታል። ከእሷ ትምህርት ቤት የመጣችው እሷ ብቻ ነበረች። እናም ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትታ አውጥታ፣ በታክሲ ጭናው ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሉ የለ።

ክበብ ለማቋቋም አማካሪ መምህር ያስፈልጋል ተባለች። የፊዚክሱ መምህር «መጀመሪያ ለላቦራቶሪው አምፖል ይግባለት» አሉ። የሒሳቡ «ከማትሪክ በኋላ ይደርሳል» አሉ። በመጨረሻ የፈረሙላት የስፖርት መምህሩ ናቸው፤ እሳቸውም የፈረሙት ምን እንደሆነ ስላልጠየቁ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይክ ይዛ «ሮቦት መሥራት የምትፈልጉ ተማሪዎች» ብላ ሳትጨርስ ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። በእረፍት ሰዓት የመጡላት ሦስት ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱ ሻይና ቆሎ ያለ መስሏቸው ነው። ሦስተኛው ጉዲሳ ነበር።

የጉዲሳ አባት አየር ጤና ጋራዥ አላቸው። ልጁ ከእርሳስ በፊት ካቻቢቴ የያዘ ነው፤ ምላሱም እንደ እጁ ፈጣን ናት። «አቦ ናዝሪ፣ እኔ ኮድ ምናምን አልችልም። የሚፈታ ነገር ካለ ግን ጥሪኝ» አላት። ጠራችው። ያን ዓመት ሙሉ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች በተከመሩበት ክፍል ውስጥ ሁለቱ ሲፈቱና ሲገጥሙ ከረሙ። መብራት ሲኖር ላፕቶፕ የለም። ላፕቶፑን ከጸሐፊዋ ለምነው ሲያመጡ መብራት ይጠፋል። ሁለቱ በተገናኙበት ቀን ደግሞ ብርቄ ድርቅ ብላ ትቆማለች። ናዝራዊት ኮዱን ከላይ እስከ ታች ስታበጥር ሁለት ሰዓት ይፈጅባትና፣ በመጨረሻ ጉዲሳ ጎንበስ ብሎ «ሽቦ ተነቅሎ ነው እኮ» ይላል። አንዴ አይደለም፣ አሥር ጊዜ። በአሥራ አንደኛው ደሟ ፈላና በትልቅ ወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ «ሕግ አንድ። ከማብራታችሁ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በጣታችሁ ነክታችሁ እዩ።» ሕግ ሁለት የሚባል አልነበረም። ይቺው አንዷ ብትከበር በቂ ነበር።

ግንቦት ላይ የወላጆች ቀን ደረሰ። ክፍል ውስጥ ብርቄ ጥቁሩን መስመር ተከትላ እንደ ጨዋ ልጅ ትሄድ ነበር። ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሕዝብ ፊት ስትወጣ ግን ዓይኖቿ በብርሃኑ ታወሩና መስመሩ ጠፋባት። ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረችና ሄዳ የክብር እንግዳውን ጠረጴዛ ገጨች። የለስላሳ ጠርሙስ ወደቀ። ከወላጆች መካከል አንዱ «ኧረ ጠጥታ ነው የመጣችው!» ሲል ሜዳው አንድ ላይ ሳቀ። ዘመነች ከቸርች ጓደኞቿ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም፣ ግን አንገቷን ደፋች። ናዝራዊትን ያንገበገባት ይሄ ነው። ሮቦቷ እኮ ትሠራለች! ጥላ ሥር ብቻ አስቀምጧት እንጂ ትሠራለች! ይህን ለማን ይነግሩታል? ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ዋጋነሽ እንኳ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «ግድ የለም፣ ሙከራችሁ ነው የሚደነቀው» አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ናዝራዊት ከሰው የምትፈልገው አንድ ቃል ብቻ ሆነ፤ አንድ ትልቅ ሰው ብርቄ ትሠራለች ብሎ እንዲመሰክርላት።

የሚገርመው፣ ክበቡን ያሳደገው ያ ውርደት ነው። በመስከረም አዲሶቹ ዘጠነኛ ክፍሎች እየተንጠባጠቡ መምጣት ጀመሩ። «ያቺ ጠረጴዛ የገጨችው የእናንተ ናት?» ይላሉ። በጥቅምት አሥራ አራት ሞሉ። ከሁሉ የባሰችው ሜቲ ነበረች፤ ከቤቴል የምትመጣ፣ አጭር፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ። ሕግ አንድን በቃሏ ሸምድዳ፣ ሌሎቹ ሲረሱ በክርን እየጎሸመች ታስታውሳቸዋለች። ጉዲሳ «ትራፊክ ፖሊስ» አላት። እሷ ግን ሙድ እንደተያዘባት እንኳ አላወቀችም።

ከዚያ አንድ ሰኞ አንድ ሞተር ጠፋ።

ናዝራዊት ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ገለባበጠች። ብርቄ ላይ ከተገጠሙት አራቱ ጋር አምስት ሞተር ብቻ ነው ያለው። ደሟ ናላዋ ላይ ወጣ። የአሥራ አራቱንም ቦርሳ አስፈታች፤ የጉዲሳን ሳይቀር። ጉዲሳ «እኔንም?» አለና ቦርሳውን ዴስክ ላይ ዘርግፎላት ወጣ። እሷ በዚያው እልህ ቀጥ ብላ ወይዘሮ ዋጋነሽ ቢሮ ገባችና «ቲቸር፣ ሮቦቷ ከነካርቶኗ በትምህርት ቤቱ ንብረትነት ትመዝገብልን» አለች።

በዚያ ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ያለቀ ጉዳይ ቢኖር ይህ ብቻ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው ጋሽ ጥሩነህ የገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚሉትን ጥራዝ ገልጠው፣ ከመጻፋቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ልጄ፣ አስበሽበታል? እኔ ጋ መግባት ቀላል ነው። መውጣቱ ነው።»

«ይመዝገብልን፣ ጋሼ። እየተሰረቅን ነው።»

«እሺ እንግዲህ» አሉና ጻፉ።

በማግስቱ ጠዋት ሜቲ ሞተሩን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛው መጣች። «እናቴ ትምህርት ቤት እየቆየሽ ምንድን ነው የምትሠሪው ብላ ስትቆጣኝ ላሳያት ወስጄው ነው። አየችው። አሁን ፈቅዳልኛለች» አለች እየሳቀች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ናዝራዊት ግን ለመልቀምም አልታደለችም። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ቁጥሩ ተለጥፏል፣ ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ጉዲሳን ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ሦስት ቀን ካኮረፈ በኋላ ታረቃት።

ጋሽ ጥሩነህ ክፉ ሰው አይደሉም። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ማይክሮስኮፕ ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠየቁ ከርመዋል፤ በኋላ ዕቃው አንድ አስተማሪ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፣ ይቅርታ ያላቸው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ፈርሙ ሲባሉ ጥርስዎን ይነቀሉ የተባሉ ያህል ይጨንቃቸዋል። ብርቄን ማክሰኞና ሐሙስ ለአንድ አንድ ሰዓት፣ በወጪ ደረሰኝ፣ እዚያው እሳቸው ፊት ያሳዩዋቸዋል። አንዲት ብሎን መፍታት ግን አይቻልም።

«የገባው አንድ ሮቦት ነው» ይላሉ። «ነገ ኦዲተር መጥቶ አርባ ሦስት ቁርጥራጭ ቢያገኝ ምን ልበለው?»

«ጋሼ፣ ሮቦት እኮ እየተፈታ ነው የሚለመደው።»

«ስትለማመዱ እናንተ ናችሁ የምትለምዱት። ስትጠፋ ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

እናም አሥራ አራት ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ተሰልፈው ሮቦቷን እንደ ሙዚየም ዕቃ እያዩ ይመለሳሉ። ዘጠነኛ ክፍሎቹ ናዝራዊት በወረቀት የሣለችላቸውን ሽቦ በእርሳስ ያገናኛሉ። ሜቲ ብቻ፣ በእነዚያ አንድ አንድ ሰዓቶች ውስጥ፣ የብርቄን እያንዳንዱን ሽቦ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ ታደርጋለች። መንካት አልተከለከለማ።

ጥር ላይ ደብዳቤው መጣ። የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሮቦት ውድድር በመጋቢት ይካሄዳል። መስመር ተከትሎ ሄዶ፣ ትንሽ ሣጥን አንስቶ የሚመለስ ሮቦት ይፈለጋል። ናዝራዊት ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበችው። የሚያስፈልገው ሁሉ አላት። ሁለቱን ትርፍ ሞተሮች ወስዶ ክንድ መሥራት፣ ወለሉን ፈትቶ ወደ ፊት ማስረዘም፣ ዓይኖቹ ላይ ከብርሃን የሚከልል ቆብ ማድረግ። የአንድ ወር ሥራ ነው። ለእሷ ደግሞ የመጨረሻዋ ዕድል ናት፤ ሰኔ ላይ ማትሪክ ትፈተናለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱን ትሰናበታለች። እንደዚያች ያለች ቦርድ በጉዲሳ አባት ጋራዥ አትገኝም፤ መርካቶ ያለችው ደግሞ አትቀመስም። ያለችው ቦርድ አንድ ናት፣ እሷም መስታወት ውስጥ ናት።

ጋሽ ጥሩነህ ደብዳቤውን አንብበው መለሱላት። «ቋሚ ንብረት ከግቢ የሚወጣው ክፍለ ከተማ ሲፈቅድ ነው።»

ሄደች። መጀመሪያ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። ሁለተኛ ቀን ሰውየው ተገኙ፤ ደብዳቤው ግን ክብ ማኅተም የለውም ተባለ። አየር ጤና ላይ ሃምሳ ሰው በተሰለፈበት የታክሲ ሰልፍ ቆማ፣ ተመልሳ፣ ማኅተም አስመትታ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሄደች። ዩኒፎርሟ በላብ ተጣብቆባታል። ሰውየው ወረቀቱን ሳይጨርሱት «ቋሚ ንብረት ለተማሪ አይወጣም» አሏት።

«ታዲያ ለምን ማኅተም አስመቱኝ?» አለች፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ ብሎ ነበር።

ሰውየው ቀና ብለው አዩዋት። ምናልባት ዓይኗ እንባ ማቅረሩን አይተው ይሆናል፤ ለስለስ አሉ። «ስሚ፣ አንድ መንገድ አለ። ዕቃው የማይሠራ ከሆነ ኮሚቴ ይቀመጥና ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ከዚያ ተማሪ ይለማመድበት ተብሎ ሊሰጣችሁ ይችላል። የማይሠራ ከሆነ ነው እንግዲህ።»

ናዝራዊት ወደ ታክሲው ስትመለስ ሳቋም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣ። ብርቄ ትሠራለች ብላ ስትምል የኖረችው ልጅ አሁን አትሠራም ብላ ልትምል ነው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ግን ነገሩን ሲሰሙ ምንም አልከበዳቸውም። «በወላጆች ቀን አይተናት የለ? ሐሙስ ኮሚቴ እንቀመጣለን፤ ከክፍለ ከተማ ወይዘሮ ገነት ይመጣሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ አትነሳም፣ ይፈረማል፤ አለቀ» አሉ። ናዝራዊት ይህን ሰምታ ደስ ሊላት ሲገባ ሰጋች። ምክንያቱም ኮሚቴው የሚቀመጠው ንብረት ክፍል ውስጥ ነው፤ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ጨለምለም ያለ፣ ፀሐይ የማይገባበት፣ ለብርቄ ዓይን የሚስማማ ክፍል ነው፤ እዚያ ቁልፏን ከተጫኑ ትነሳለች።

ለጉዲሳ ስትነግረው ከአንድ ሚኒባስ ሥር ተኝቶ አባቱን እያገዘ ነበር። ብቅ አለ፤ ግንባሩ ላይ ግሪስ አለበት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? አንዷን ሽቦ ላላ አደርጋታለሁ። ማክሰኞ አቧራ ልጥረግላት ብዬ።»

«ውሸት ነው ጉዲሳ።»

«ምኑ ነው ውሸት? ሽቦዋ ከተነቀለ በእውነት አትሠራም። እውነት አትሠራም ነው እኮ የምንለው!»

ናዝራዊት እናቷን አሰበች፤ እሑድ እሑድ በጸሎት ቡድኑ ፊት ቆማ ስለ እሷ የምትጸልየውን። ከዚያ አሥራ አራቱን አሰበች፣ መጋቢትን አሰበች። «አንተ አድርገው» አለችው። «እኔ አላይም።»

«ውሃ ላምጣልሽ? እጅሽን እንድትታጠቢ እንደ ጲላጦስ» አለና ተመልሶ ከሚኒባሱ ሥር ገባ።

ማክሰኞ ጉዲሳ ብርቄን በጨርቅ ሲጠርግ ናዝራዊት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆመች። ጋሽ ጥሩነህ ከጠረጴዛቸው ሆነው ልጁን ትንሽ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ በኮታቸው ጫፍ፣ ረጅም ጊዜ ወሰዱና ጠረጉት። መልሰው ሲያደርጉት ጉዲሳ ጨርቁን አጣጥፎ ጨርሶ ነበር። ለትንንሾቹ ማንም ምንም አልነገራቸውም። ናዝራዊት ናት አይነገራቸው ያለችው፤ ውሸቱ በሁለት ሰው ይብቃ ብላ።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ኮሚቴው ተሟላ። ወይዘሮ ገነት ወፍራም ፋይል የያዙ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ሰላምታው ረዘመ፤ የልጆች ጤና፣ የመንገዱ መዘጋጋት፣ የስብሰባው ብዛት። ናዝራዊት አጠገባቸው ቆማ ለመጣው ጥያቄ ሁሉ «አዎ፣ እሺ» ትላለች። ትንንሾቹ በበኩላቸው ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ጥቁር ናስትሮውን ይለጥፋሉ። ሜቲ ተንበርክካ ብርቄን መስመሩ ላይ አስቀመጠቻት።

«እሺ፣ ክሱ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ገነት ፋይላቸውን እየገለጡ።

«አትሠራም» አለች ናዝራዊት። ቃሏ አፏ ውስጥ መረራት። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ አትሠራም።»

«አብሪያት እስቲ።»

ጎንበስ ብላ ቁልፉን ተጫነች። ፊቷን ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው አዘጋጅታ ነበር።

ብርቄ ጢጥ አለች። አረንጓዴ መብራቷ በራ። ከዚያ ተነሳች።

ቀጥ ብላ ሄደች፣ የመጀመሪያውን ኩርባ በዝግታ ታጠፈች፣ ሁለተኛውን ታጠፈች፣ ናስትሮው በተቀጣጠለበት ቦታ ትንሽ አመነታችና መስመሯን አግኝታ ቀጠለች። ዙሩን ጨርሳ የተነሳችበት ላይ ደርሳ ቆመች። እንዲህ ሄዳ አታውቅም። ክፍል ውስጥ እንኳ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ፣ እንዲህ አምሮባት ሄዳ አታውቅም።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ወይዘሮ ዋጋነሽ ናቸው። ከዚያ ዘጠነኛ ክፍሎቹ ጮኹ። ወይዘሮ ገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ይቺ ናት የማትሠራው? ልጆች፣ ራሳችሁን አትናቁ እንጂ!» አሉና «ከአገልግሎት ውጭ» በሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ አድርገው፣ ከሥሩ ባለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አኖሩ።

«ቲቸር፣ ውድድሩስ?» አለች ናዝራዊት። ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ።

«የምን ውድድር?» አሉ ወይዘሮ ዋጋነሽ፤ ዓይናቸው ብርቄ ላይ ነው። «ይቺን የመሰለች ዕቃ አውጥተን፣ ታክሲ ላይ አንገላተን፣ ሰብረን ልንመልሳት? ለእንግዳ የምናሳየው እኮ አገኘን! ጋሽ ጥሩነህ፣ መስታወቱ ይወልወል።»

ናዝራዊት ጉዲሳን አየችው። ጉዲሳ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። «ነቅያታለሁ» አላት በሹክሹክታ። «በእናቴ፣ ነቅያታለሁ። እግዜር ራሱ ነው የቀጠላት።»

እግዜር አልነበረም። ሁለቱ ወይዘሮዎች ፈርመው እንደወጡ ሜቲ ፊቷ እንደ ፋኖስ በርቶ፣ እየዘለለች መጣችና እጇን ያዘቻት። «ናዝሪ! ልክ ላስቀምጣት ስል አንዷ ሽቦ ተነቅላለች! የግራዋ! እኔ ባልነካት ኖሮ አልቆልን ነበር እኮ!»

ናዝራዊት እጇን መነጨቀች። የአራት ወሩ ቁልፍ፣ የክፍለ ከተማው ደረጃ፣ የታክሲው ሰልፍ፣ የወላጆች ቀኑ ሳቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። «ማን ንኪ አለሽ?» ብላ ጮኸች። «ማን ነው ንኪ ያለሽ?»

ሜቲ ጥያቄው ስላልገባት ዓይኗን አርገበገበች። ከዚያ በቅን ልብ፣ የምታውቀውን መለሰች።

«አንቺ።»

ጉዲሳ ጫማውን አየ። ትንንሾቹ አንድ ጊዜ ናዝራዊትን፣ አንድ ጊዜ ሜቲን ያያሉ። ልጅቷ እኮ ያደረገችው ናዝራዊት ያስተማረቻትን ነው። ከአሥራ አራቱ ሕግ አንድን እንደ ዳዊት የደገመች እሷ ብቻ ናት። ሰነፍ ብትሆን፣ ብትረሳ፣ ሳትሰማ ቀርታ ቢሆን ኖሮ መጋቢት የእነሱ ነበረች። ናዝራዊት ሁለት ዓመት ለፍታ አንዲት ጥሩ ተማሪ አፈራች፤ ያፈራቻትም ዕድሏን ዘጋችባት። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተናድደውም አይወጣላቸው፣ ስቀውም አይወጣላቸው።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። ጎበዝ።»

ሜቲ ጎበዝ መባሉን ብቻ ሰማችና ባትሪውን ልታላቅቅ ተመልሳ ሮጠች።

«ናዝራዊት፣ ነይ ፈርሚ» አሉ ጋሽ ጥሩነህ።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ናዝራዊት ጎንበስ ብላ አነበበችው፦ «ቁጥር 0417 ሮቦት በኮሚቴ ፊት ተፈትሾ በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝና በትክክል የሚሠራ መሆኑ ተረጋግጧል።» ከወላጆች ቀን ጀምሮ አንድ ትልቅ ሰው ይህን እንዲልላት ስትለምን ኖራለች። ይኸው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጻፉላት። ከሥሩ «መላሽ» ከሚለው ጎን ስሟ በጋሽ ጥሩነህ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ የጎደለው ፊርማዋ ብቻ ነው።

ጋሽ ጥሩነህ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እንኳ ማክሰኞ መነጽሬን አውልቄ ነበር፣ ልጄ።»

እስክሪብቶውን ተቀብላ ፈረመች። አንድ ጠብታ እንባ «በትክክል የሚሠራ» የሚለው ላይ ወደቀና ቀለሙን አሸሸው።

ጋሽ ጥሩነህ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ በእጅጌያቸው ጠርገው አደረቁት፣ ማኅተሙን መቱበት።